ኮምፒውተር ቤት ከፍቶ ማትረፍ፦ ገንዘቡ በየት ይገባል፣ በየት ያመልጣል?

መገናኛም ሆነ ሜክሲኮ፣ ፒያሳም ሆነ መርካቶ፣ ኮምፒውተር የሚሸጡና የሚጠግኑ ትንንሽ ሱቆች በየጊዜው ይከፈታሉ፣ በየጊዜውም ይዘጋሉ። የሚዘጉት ሁሉ ደንበኛ ያጡ እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ተደራርቦ፣ ስልኩ ሲጮኽ እየዋለ፣ ባለቤቱ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እያመሸ፣ ወር ሲደርስ ኪራይ የሚጎድልበት ሱቅ ሞልቷል። እጁ ወርቅ የሆነ ባለሙያ የሚከስረው ብዙ ጊዜ በሂሳብ ነው። ይህ ጽሑፍ ሂሳቡን ዘርዝሮ ለማሳየት የተጻፈ ነው። ሱቅ ለመክፈት ላሰበ ይጠቅማል፤ ላፕቶፑን ይዞ ለሚመጣውም «ለምን ይሄን ያህል ጠየቁኝ?» ለሚለው መልስ ይሆነዋል።

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሥራ ይሠራል። እቃ ይሸጣል፣ አዲስ ኮምፒውተር ይገጣጠማል፣ የተበላሸ ይጠገናል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ቢመስሉም ገንዘባቸው የሚመጣው ለየቅል ነው። ሻጩ የሚኖረው በገዛበትና በሸጠበት ዋጋ ልዩነት ነው። ጠጋኙ የሚኖረው በሰዓቱ ነው። ገጣጣሚው ደግሞ የሁለቱንም ስጋት ተሸክሞ የአንዱን ያህል እንኳ ላያተርፍ ይችላል።

ከጥገናው እንጀምር፤ ብዙ የሚፈሰው እዚያ ስለሆነ።

አንድ ላፕቶፕ «ጭራሽ አይበራም» ተብሎ መጣ እንበል። ባለሙያው በቅድሚያ ቻርጀሩን በመልቲሜትር ይለካል። 19 ቮልት ተኩል ገደማ ካሳየ ችግሩ ከቻርጀሩ አይደለም። ጀርባውን ፈትቶ ባትሪውን ይነቅልና ኤሌክትሪክ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባበትን ዋና መስመር ከግራውንድ (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) ጋር ይለካል። መልቲሜትሩ ጮኾ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካሳየ መስመሩ ሾርት አድርጓል፤ ኤሌክትሪኩ ቦታው ሳይደርስ በአቋራጭ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ቦርዱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙ እቃዎች) አሉ፤ ጥፋተኛው የትኛው ነው? የለመደ ሰው ከሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ አንድ ቮልት ብቻ ወደ መስመሩ ይለቅቅና ቦርዱን አልኮል ይቀባዋል። ሾርት ያደረገው ካፓሲተር ስለሚግል አልኮሉ መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ላይ ነው። ሁለት ሚሊሜትር የማትሞላዋን እቃ በሆት ኤር (በሞቃት አየር ማቅለጫ) አንስቶ ሌላ ይተካባታል። ላፕቶፑ ይበራል።

ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ ያየው የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። የተተካችውም እቃ ከአሮጌ ቦርድ ላይ የተነቀለች፣ ሳንቲም የማታወጣ ነች። «ለዚች ነው ይሄን ሁሉ የምትጠይቀኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ያላየው ነገር በዚያው ቀን ጠዋት ተፈትተው፣ ተለክተው፣ ሾርቱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሆኖ በመገኘቱ «ይሄ አይሠራም፣ ይቅርታ» ተብለው በነፃ የተመለሱትን ላፕቶፖች ነው። የእነሱን ሰዓት ማን ከፈለ? ማንም አልከፈለም፤ ወይም ደግሞ ሳያውቀው የከፈለው ይህ ደንበኛ ነው።

ሰዓት ምን ያህል እንደሚያወጣ በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ይተካው። የሱቁ ኪራይ፣ የረዳቱ ደመወዝ፣ መብራትና ኢንተርኔት፣ ግብርና የባለቤቱ የራሱ ኑሮ ተደምሮ በወር 60,000 ብር ይጠይቃል እንበል። በወር 25 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 200 ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ ሰዓት 300 ብር ነው። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያሰላል። የሚረሳው ከስምንቱ ሰዓት እጁ መፍቻ የሚይዘው ቢበዛ አራቱን መሆኑ ነው። የቀረው ስልክ ማንሳት፣ ደንበኛ ማስረዳት፣ ለአንዲት የላፕቶፕ ኪቦርድ መርካቶ ወርዶ መዞር፣ መብራት ሄዶ ቁጭ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የሥራ ሰዓት ወጪውን ብቻ ለመመለስ 600 ብር ማምጣት አለበት። በ500 ብር ፋይል ገልብጦ፣ ፎርማት አድርጎ፣ ፕሮግራም ጭኖ የሚያስረክብ ሰው ሥራው እጁን ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ከያዘበት ከኪሱ እየጨመረ ነው። ትርፉ የሚገኘው ሦስትና አራት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲጭን ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ባለሙያ «ነገ ና» የሚለው፤ ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም።

በእኔ እምነት ምርመራ ሊከፈልበት ይገባል። ሐኪም ዘንድ ካርድ ሳያወጣ የሚገባ የለም። አነጋገሩን ማለስለስ ብቻ ነው፦ «አባቴ፣ ፈትቶ ማየቱ ይሄን ያህል ነው፤ ከተሠራ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፣ ካልተሠራ ግን የድካም ነው።» አንዳንዱ ተናድዶ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። ይሂድ። የሚቀረው ሰው ከልቡ ማሠራት የፈለገው ነው፤ በነፃ አስፈትሾ ሌላ ቦታ ዋጋ ለመከራከር የመጣው አይደለም።

ወደ እቃው እንለፍ። እዚህ ያለው ወጥመድ ትርፍ የሚመስል ኪሳራ ነው። አንድ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን የመረጃ ማስቀመጫ) በ2,500 ብር ገዝተህ በ3,000 ሸጥክ። 500 አተረፍክ? መልሱ የሚታወቀው መደርደሪያውን ለመሙላት ስትሄድ ነው። አስመጪው 3,100 ካለህ በአንዱ ኤስኤስዲ 500 ማትረፍህ ቀርቶ 100 ብር ጨምረህ ነው የምትመለሰው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በእርግጥ ገበያው እቃውን ሲተምን የቆየው በትይዩ ገበያው ዶላር ስለነበር የኮምፒውተር ዋጋ በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። የነጋዴው ልማድ ግን ተፈትኗል። በገዛበት ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ የሚሸጠው መደርደሪያው ቀስ በቀስ ሳሳበት። መልሶ የሚገዛበትን ዋጋ ጠዋት ጠዋት እየደወለ አጣርቶ የሚሸጠው ተረፈ።

ዶላሩ ባይነቃነቅም ዋጋው ሊነቃነቅ ይችላል። በ2018 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ያሻቀበው የሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከሎች ምርቱን ስለተሻሙት ነው። አዲስ አበባ ያለ ሱቅ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ትናንት በነገረው ዋጋ ዛሬ ቢሸጥ ግን የሚከስረው እሱ ነው። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ሲሰጥ «ለሦስት ቀን ብቻ የሚያገለግል» ብሎ መጻፍ የግድ ሆኗል።

ዱቤ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዋጋ በሚንርበት ገበያ በሦስት ወር የሚከፈል ዱቤ ለወዳጅ የተሰጠ ስጦታ ነው። እቃው እጅ በእጅ ይሁን። መታገስ ካስፈለገ በእጅ ዋጋው፣ ማለትም በጥገናው የድካም ክፍያ ላይ ይታገሱ፤ እሱን ለመተካት መርካቶ አያስወርድም።

ስለ ደረሰኝ ብዙ ሰው በጆሮው እንጂ በሂሳቡ አያውቀውም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ሱቅ ያንን ኤስኤስዲ በ2,500 ሲገዛ 375 ብር ታክስ ከፍሎ ደረሰኝ ከያዘና በ3,000 ሲሸጥ 450 ከተቀበለ፣ ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቱን 75 ብር ነው። ያለ ደረሰኝ በ2,500 ገዝቶ በደረሰኝ ከሸጠ ግን 450ውን በሙሉ ያስገባል። ይባስ ብሎ የዓመቱ ግብር ሲሰላ 2,500 ያወጣበት ማስረጃ ስለሌለው ሦስቱም ሺህ ትርፍ ሆኖ ይታይበታል። «ያለ ደረሰኝ ቀንሼ ልስጥህ» የሚለው አስመጪ ታክሱን ከራሱ ላይ አውርዶ አንተ ላይ እየጫነ ነው። የሱቁ ገቢና የባለቤቱ የግል ገንዘብ በአንድ ቴሌብር ወይም በአንድ የባንክ ሂሳብ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ከአሜሪካ እህት ለእናት ሕክምና የላከችው ገንዘብ ሳይቀር ሽያጭ ነው አይደለም ወደሚል ክርክር ሊገባ ይችላል። ለሱቁ የራሱ ሂሳብ መክፈት ወጪ የለውም።

መገጣጠም ለምን ያስፈራል?

የሚገጣጠም ኮምፒውተር የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ የሕንፃ ሥዕል የሚሠራ ወይም ጌም የሚወድ ሰው ነው። እነዚህ ደንበኞች ያነባሉ፣ ዩቲዩብ ያያሉ፣ የእያንዳንዱን እቃ የውጭ ዋጋ ያውቃሉ። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ ላይ ብዙ ማትረፍ አይቻልም። ሻጩ ትርፉን የሚፈልገው ማንም ከማያየው እቃ ላይ ይሆናል፤ ያም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ሳጥኑ ላይ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈን ፓወር ሰፕላይ አዙረው ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። «12 ቮልት» በሚለው ዓምድ ሥር 16 አምፒር የሚል ከሆነ 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ነው። የቀረው ቁጥር ለጌጥ የተጻፈ ነው። 125 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰርና 200 ዋት የሚበላ ግራፊክስ ካርድ እዚያ ላይ ቢሰካ ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ ሲጀምር ይጠፋል፤ ወይም ለጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር 12 ቮልቱ ብቻውን 500 ዋት የሚችል፣ ስም ካለው ፋብሪካ የወጣ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል። ዋጋው ደንበኛውን ቢያስደነግጠውም ነግሮ ማስደንገጥ ይሻላል። ካልተስማማ ሥራውን መተው ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያነሰ ስለሆነ ዱባይ ላይ በክፍል ውስጥ ቅዝቃዜ በደንብ የሠራ ፋን እዚህ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ ያንኑ ያህል አያቀዘቅዝም። አንዳንድ የቻይና ቻርጀርና ፓወር ሰፕላይ ላይ ተራራና 2000 ሜትር የሚል ትንሽ ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ከፍታ በታች ብቻ ለመሥራት የተፈተነ ነው ማለት ነው። ምልክቱን አይቶ የሚገዛ ሰው ግን አልገጠመኝም። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ማጽዳትና የፕሮሰሰሩን ፔስት መቀየር ሱቁ የሚሸጠው ከሁሉ ቀላል፣ ለደንበኛውም ከሁሉ የሚጠቅም አገልግሎት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ደግሞ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ያለ እነሱ የሚሸጥ ዴስክቶፕ ዋስትናው ላይ ይህን ጉዳይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

«ፎርማት አድርግልኝ» የምትለው ቃል

ቀላል ትመስላለች፤ የሱቅ ስም የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ በእሷ ነው። ደንበኛው «ዴስክቶፕና ማይ ዶክመንት ላይ ያለውን ብቻ ገልብጥልኝ» ይላል። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነ የድርጅቱ የዓመታት መዝገብ ያለው ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የፒችትሪ መረጃ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር እንጂ ማይ ዶክመንት ውስጥ አይደለም። ፎርማት ተደረገ ማለት ሄደ ማለት ነው። ጸሐፊ ከሆነች ወይም ማተሚያ ቤት ከሆነ ደግሞ በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ይኖራሉ። እነዚህ ሰነዶች በዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚያነቡት የፊደል ሥርዓት) ስላልተጻፉ ያ ፎንት ከሌለ ሲከፈቱ የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። ሰነዱ አልጠፋም፤ ደንበኛዋ ግን «ፋይሌን አበላሸኸው» ብላ ብትጮህ እውነቷን ነው። ፎንት የሚቀመጥበትን ፎልደር አብሮ መገልበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ከመጀመር በፊት «ምን ፕሮግራም ነው የምትሠሪበት?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን መቀበያ ወረቀቱ ላይ መጻፍ፣ ከተቻለም አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ሳይነኩ አዲስ ኤስኤስዲ ላይ መጫን ይመረጣል። አሮጌው ለአንድ ወር ያህል ሳይጠፋ ቢቀመጥ የብዙ ሰው እንባ ይቀንሳል።

ፎቶና የግል ሰነድ አለመክፈት መባል የሌለበት ነገር ነበር፤ ግን ይባላል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን መረጃ በእጁ የሚይዝን ሁሉ ይመለከታል። ደንበኛም የይለፍ ቃሏን ወረቀት ላይ ጽፋ ከመስጠት ሌላ ጊዜያዊ ይለፍ ቃል አድርጋ ብታመጣ ለሁለቱም ይሻላል።

ሌላው የፎርማት ጣጣ ያልተከፈለበት ዊንዶውስ ነው። ያለ ፈቃድ «አክቲቬት» የሚያደርጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ከመጫናቸው በፊት አንቲቫይረስ እንዲጠፋላቸው ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹም ቫይረስ ይዘው ይገባሉ። ከወር በኋላ የደንበኛው ኢሜይል ቢሰረቅ ተጠያቂው ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በተለይ ለድርጅት ሲሆን ሁለት ምርጫ ማቅረብ ነው፦ ከፍሎ መግዛት ወይም ሊኑክስ መጫን።

ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ያገለገሉ ላፕቶፖችን የሚያስመጣ ሰው 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን በርካሽ አግኝቻለሁ ብሎ ከማምጣቱ በፊት ይህን ያስላ። በሌላ በኩል 8ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ በሃርድ ዲስክ የሚንፏቀቅ ላፕቶፕ ያለው ሰው ኤስኤስዲ ቢቀይርና ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ቢያሳድግ አዲስ የገዛ ይመስለዋል። ለሱቁም የእጅ ዋጋውና የእቃው ትርፍ በአንድ ላይ የሚገኝበት፣ ተመላሽ የማይበዛበት ሥራ ይህ ነው። ኤስኤስዲው ግን መፈተሽ አለበት። ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም የሠራበትን ሰዓት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ያ ቁጥር ግን ሊቀየር ይችላል። አስተማማኙ ዲስኩን ጫፍ እስከ ጫፍ በፋይል ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። 512 ተብሎ የታሸገ አንዳንድ የገበያ ዲስክ ስልሳ ምናምን ጊጋባይት ላይ ሲደርስ መዋሸት ይጀምራል፤ የጻፉበትን የያዘ መስሎ ሲጠይቁት ባዶ ይሆናል።

ዋስትናን በሁለት መክፈል ይበጃል። የእጅ ሥራው ዋስትና የሱቁ ነው፤ ያ ካፓሲተር ዳግም ቢነሳ በነፃ ይሠራል። የእቃው ዋስትና ግን አስመጪው ከሰጠው ሊበልጥ አይገባም። አስመጪው ለአንድ ወር ብቻ የሚቀይርልህን ባትሪ ለስድስት ወር ዋስትና ሰጥተህ ከሸጥክ አምስቱን ወር በኪስህ ነው የያዝከው። ከሃያ ሥራ አንዱ እንደሚመለስ አስቦ ዋጋው ላይ መጨመር ያስፈልጋል፤ ተመላሽ የሌለው ሱቅ የለም። ተረስተው የቀሩ ላፕቶፖች ሌላ ችግር ናቸው። ባለቤቱ ስልኩን ዘግቶ ጠፍቷል ብሎ መሸጥ ነገ ከሕግ ጋር ያነካካል። መቀበያ ወረቀቱ ላይ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ተጽፎ ደንበኛው መፈረም አለበት። በተቃራኒው ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ መታወቂያውን ገልብጦ፣ የላፕቶፑን ሴሪያል ቁጥር መዝግቦ መግዛት ከተሰረቀ እቃ ጣጣ ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሱቁን ኪራይ በቋሚነት የሚሸፍነው መንገደኛው ደንበኛ አይደለም። የጥገና ውል ነው። አንድ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የሒሳብ ቢሮ በወር የተወሰነ ብር እየከፈለ ኮምፒውተሮቹን የሚያስጠብቅበት ውል ሱቁን ከቀን ቀን ግምት ያወጣዋል። ውሉ ላይ የኮምፒውተሮቹ ብዛት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚጎበኙ፣ ሲጠሩ በስንት ሰዓት እንደሚደርሱ፣ እቃ ሲቀየር ዋጋው ከወርሃዊው ክፍያ ውጭ መሆኑ ይጻፍ። «ሁሉንም ያካተተ» የሚል ውል የሚፈርም ጠጋኝ የሌላ ሰው አሮጌ ማሽን ኢንሹራንስ ሆኖ ይቀራል። ድርጅቶች ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ይቀንሳሉ፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝ መያዝ ግድ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይታሰባልና።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግዥው ይጧጧፋል። የንግድ ፈቃድ እድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ዓመታዊ ግብርም በእነዚያው ወራት ውስጥ ይመጣል። ተማሪ ላፕቶፕ የሚገዛው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ የሰኔ ገቢ ሁሉ ሐምሌ ላይ ወደ እቃ ከተለወጠ፣ የግብሩ ጊዜ ሲደርስ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ለግብር የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ይጠፋል። ከሰኔው ላይ የግብሩንና የሁለት ወር ኪራዩን አስቀርቶ በቀረው ብቻ ለመስከረም እቃ ማስገባት ነው።